ለአባቴ የቀሩለት ቃላት

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሐረር ውስጥ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከሃያ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ። እንግዲህ ጸጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ተማሪ ጣቴን እያጠፍኩ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ተማርኩ ብል ማን ያምነኛል? ግን ተምሬያለሁ። የሆነውም ከረቡዕ እስከ እሁድ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያች እሁድ ወዲህ ያው ኢዮብ አይደለሁም።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ሐኪም ጋራ ግርጌ፣ እናቴ ቤት ነው። እናቴ ወይዘሮ በላይነሽ ትባላለች። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ወጣት ነበረች፤ ቁስለኞች በሚታከሙበት ሆስፒታል የልብስ ክፍል ሠራተኛ ሆና ትሠራ ነበር። አንሶላና ብርድ ልብስ ትቀበላለች፣ ታጥባለች፣ መልሳ ታስረክባለች። ያን ጊዜ ሐረር ውስጥ ብዙ ኩባውያን ነበሩ፤ ወታደሩም፣ ሐኪሙም፣ ሾፌሩም። አባቴ ከሾፌሮቹ አንዱ ነበር፤ አምቡላንስ ይነዳ ነበር። ስሙ ኦርላንዶ ነው። እናቴ ማርገዟን ከነገረችው ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ መጣና ከጓዶቹ ጋር ወደ አገሩ ተመለሰ። እናቴ ስለ እሱ የነገረችኝ ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ስጠይቃት ሥራ ታገኝ ነበር፤ ወይ ግቢ ትጠርጋለች፣ ወይ ጎረቤት ትሄዳለች።

የሰፈሩ ልጆች "ኩባው" ይሉኝ ነበር። መልኬም ጸጉሬም ያስታውቃል። ልጅ ሆኜ በዚህ ስም ስንቱን ተደባድቤበታለሁ! ካደግኩ በኋላ ለመድኩት። ዛሬም ተማሪዎቼ ከኋላዬ ሲንሾካሾኩበት እሰማለሁ፤ አልቆጣም። አግብቼ ሁለት ልጆች ወለድኩ፤ ስለ አባቴ ማሰብም ተውኩ። የተውኩ መስሎኝ ነበር ብል ይሻላል።

ነገሩን የቀሰቀሱት ጋሽ ረመዳን ናቸው።

ጋሽ ረመዳን የጀጎል ሰው ናቸው። አባታቸው በዚያው ጦርነት ሲሞቱ ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ። ከሌሎች የሙት ልጆች ጋር በመርከብ ወደ ኩባ ተልከው፣ እዚያ ተምረው፣ ጎረምሰው ተመለሱ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ትንሿን ልጃቸውን ሒሳብ ሳስጠና ነው የተዋወቅነው። አንድ ቀን ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣

"መምህር፣ ኩባ የተማርን ሰዎች በፌስቡክ እንገናኛለን። እዚያ ያሉ ወዳጆቻችንም አብረውን አሉ። የአባትህን ስምና ሥራ ከነፎቶህ ብናወጣው ምን ይመስልሃል?" አሉኝ።

እናቴን ጠየቅኳት። "ያንተ አባት ነው፤ ለእኔ ምኔም አይደለም። እንዳሻህ አድርግ" አለችኝ።

ፎቶዬ ወጣ። ወራት አለፉ፤ ማንም ምንም አላለም። እኔም ረሳሁት።

ረቡዕ ዕለት ከክፍል ስወጣ ጋሽ ረመዳን ደጋግመው ደውለው አገኘሁ። መልሼ ስደውል አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ "ና!"

በበድሪ በር ገብቼ፣ በጠባቡ ቅያስ እየተጣደፍኩ ቤታቸው ደረስኩ። እንደ ሐረሪ ቤት ወግ በስጋጃ በተሸፈነው መደብ፣ በነደባው ላይ፣ ትራሱን ደገፍ ብለው ተቀምጠው ነበር። መነጽራቸውን አድርገዋል፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልሱ፣

"እህት አለችህ" አሉኝ። "ያኔት ትባላለች። ቁጭ በል፤ ላንብብልህ።"

ተቀመጥኩ። እያነበቡ ከስፓኒሽ ወደ አማርኛ ይመልሱልኝ ጀመር።

"'የሰውየውን ፎቶ ሳይ አባቴ በወጣትነቱ የተነሳው መሰለኝ። አባቴ ሐረር በምትባል ከተማ ልጅ እንዳለው ሳይደብቅ ነግሮናል። ወንድ ይሁን ሴት ግን አያውቅም ነበር። ደብዳቤ ጽፎ መልስ አላገኘም።'"

እዚህ ላይ ቆም አሉ።

"በሕይወት አለ?" አልኩ።

"አለ፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ቀጥሎ ያለውን ስማ።" መነጽራቸውን አስተካከሉ። "'ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም። ንግግርም ጠፋበት። የእኔን ስም እንኳ መጥራት አይችልም። የቀረለት ቁጥር ብቻ ነው። ውሃ ሲፈልግም፣ ሲናደድም፣ ደስ ሲለውም ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ ይላል፤ አሥር ላይ ሲደርስ ያቆማል። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል ብሎናል፤ ሰው በልጅነቱ በቃሉ የያዘው ነገር፣ ሌላው ሁሉ ሲሄድ ሊቀር ይችላል አለን። ልቡም ደክሟል። ወንድሜ ሊያየው ከፈለገ አይዘግይ። እሁድ በቪዲዮ እንደውላለን።'"

ስልኩን አስቀመጡ። ከበሩ ውጪ አንዲት ሴት ከጊደር መጋላ ገበያ የተሸከመችውን አውርዳ ከጎረቤት ጋር በሐረሪ ታወራ ነበር። አባት አገኘሁ፤ አባቴ ግን ቃል የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራችሁ ይለቀሳል ወይስ ይሳቃል?

"እኔ አስተረጉምልሃለሁ" አሉ ጋሽ ረመዳን።

"ምን ብለው ያስተረጉማሉ? አይናገርም እኮ።"

"አንተ የምትለውን ለእሱ፣ እሱ የሚለውን ላንተ።"

"እሱ የሚለው ቁጥር ነው።"

"እንግዲያማ በቁጥር ነዋ የምታናግረው!" አሉና ቀና ብለው ተቀመጡ። "ሒሳብ አስተማሪ አይደለህም እንዴ?"

"ያስተምሩኝ" አልኳቸው።

ትምህርቱን ግን ብቻዬን ልጀምረው ብዬ ሌሊቱን ስልኬ ላይ አንድ ማስተማሪያ አውርጄ ስለማመድ አደርኩ። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩና ከአንድ እስከ አሥር አወረድኩላቸው። አምስት ላይና አሥር ላይ፣ ስልኬ እንዳስተማረኝ፣ ምላሴን በጥርሴ መሐል ብቅ አደረግኩ። ጋሽ ረመዳን ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ይሄ የስፔን፣ የማድሪድ ሰው አነጋገር ነው! አባትህ እንዲህ ስትል ቢሰማህ 'ይሄ ልጅ የእኔ አይደለም' ይላል። ምላስህን ሰብስብ። ሲን-ኮ። ዲ-ዬስ። ደግሞ ኩባዎች የመጨረሻዋን 'ስ' ይውጧታል፤ 'ዶ'፣ 'ትሬ' ሲልህ እንዳትደናገጥ።"

እንደገና ከአንድ ጀመርን። ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ፣ ኳትሮ፣ ሲንኮ፣ ሴይስ፣ ሲዬቴ። ስምንት አልያዝልህ አለኝ። ተነሥተው ከጓዳ በሰሐን የባቢሌ ኦቾሎኒ አመጡና ፊቴ አስቀመጡት።

"ስምንት ምን ይባላል?"

"እንጃ።"

"የምትበላው ምንድን ነው?"

"ኦቾሎኒ።"

"ግማሹን ተወው።"

"ኦቾ!"

ከዚያ በኋላ ስምንት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ዘጠኝ ኑዌቤ፣ አሥር ዲዬስ። አሥራ ሁለት ደግሞ "ዶሴ" ናት፤ ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት ዶሴ የማያውቅ ሰው የለምና እሷም ወዲያው ገባችልኝ። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አምስት ያሉት እንደ ባለጌ ልጅ ሥርዓት የላቸውም፤ በቃል መያዝ ብቻ ነው። ከአሥራ ስድስት በኋላ ግን ነገሩ ተስተካከለ፤ አሥርና ስድስት፣ አሥርና ሰባት እያለ እንደ እኛው ይሄዳል። ሠላሳ አራት ላይ ስንደርስ፣ "ትሬይንታ ኢ ኳትሮ" አሉኝ።

"ትሬንታ ኳትሮ! የድሮው የጣሊያን ጭነት መኪና!"

"እሱ ነው። በመሐል 'ኢ' ጨምርበት፤ በቃ ኩባ ገባህ።"

አርብ የማታውን ክፍለ ጊዜ ሰዎች ዕድሜያቸውን እንዴት እንደሚናገሩ በመማር ጀመርን። "ቴንጎ ኳሬንታ ኢ ሴይስ አኞስ" በል አሉኝ።

"አርባ ስድስት ዓመቴ ነው ማለት ነው?"

"ቃል በቃል 'አርባ ስድስት ዓመት አለኝ' ነው የሚሉት።"

"አለኝ? እንደ ከብት?"

"እንደ ከብትም፣ እንደ ቤትም፣ እንደ ልጅም። የኖርከው ያንተ ሀብት ነው፤ ማንም አይወስድብህም" አሉኝ። እሳቸው የቋንቋውን ደንብ ነው ያስረዱኝ። እኔ ግን ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳላምጠው ሄድኩ። ያለ አባት ያደግኩባቸውን ዓመታት እንደጎደሉብኝ ነገር ነበር የማስባቸው። አሉኝ ብዬ አላውቅም።

በዚያው ምሽት እናቴ ዘንድ ጎራ አልኩ። ለቅዳሜ ማኅበር የምትለብሰውን ነጠላ ትተኩስ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ያኔትን፣ ስትሮኩን፣ እሁድ የሚደወለውን ስልክ። ቀና ብላ አላየችኝም።

"አይናገርም?" አለች።

"አይናገርም። ከቁጥር በቀር አንድም ቃል የለውም።"

ካውያው ነጠላው ላይ ቆመ። የሚያርር ጨርቅ ሽታ እስኪመጣ ድረስ እንደቆመ ቀረ።

"እማ! ተቃጠለ!"

ብድግ አደረገችው። "ቁጥር ብቻ" አለች ለራሷ። ካውያውን ነቅላ ወደ ጓዳ ገባች።

"እሁድ ትመጫለሽ?" አልኩ ከበሩ ላይ ሆኜ።

"እኔ እዚያ ምን አለኝ?"

በዚህ ተለያየን።

ቅዳሜ ሌላ መልእክት መጣ። ሰፈራቸው መብራት ጠፍቷል፤ ስልክ ቻርጅ የሚደረገውም መብራት ያለበት ቤት ተፈልጎ ነው። አባቴም ሌሊቱን ሲያቃትት አድሯል። "ነገ ካልተሳካ እግዚአብሔር ያውቃል" ብላለች ያኔት። ጋሽ ረመዳን ያነበቡልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሌሊቱን ለዓይኔ እንቅልፍ አልመጣም። ባለቤቴ አጠገቤ ተኝታ፣ "ቤይንቲኡኖ፣ ቤይንቲዶስ…" እያልኩ ሳነበንብ ሰምታ፣ "አሁንስ አንተም ቁጥር ብቻ ልትሆን ነው" አለችኝ። ሳቅን። ትንሽ ቀለለኝ።

እሁድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ረመዳን ቤት ተገኘሁ። ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ስልኩን ትራስ ላይ አቆምነው። ያኔት እደውላለሁ ያለችበት ሰዓት አለፈ። እኛ ደወልን፤ አይነሣም። እንደገና ደወልን፤ "ማግኘት አልተቻለም" አለን። ጋሽ ረመዳን፣ "መብራቱ ነው፤ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ" ይላሉ፤ እሳቸውም ግን መቀመጥ አቅቷቸው ግቢውን ይዞሩታል።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ረመዳን ከፈቱ።

"እትዬ በላይነሽ! ይግቡ እንጂ፣ ይግቡ!"

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ትላንት ልትለብሰው የነበረው ነው፤ ካውያው ያሳረረውን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፋዋለች። እኔን ሳታይ፣ "ሳልፍ ነው፤ አልቆይም" አለች። ከሐኪም ጋራ ተነሥቶ ጀጎል ውስጥ የሚታለፍበት መንገድ የለም፤ ማናችንም ግን አላነሣነውም። ከስልኩ ፊት ለፊት ሳይሆን በስተጎን፣ ካሜራው ከማያያት ጥግ ተቀመጠች።

ጠበቅን። ፀሐይ ጠለቀች፤ አዛን ተባለ። ጋሽ ረመዳን ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ሰግጄ መጣሁ። ከደወለች ጥራኝ፤ ማዶ ክፍል ነኝ" ብለው ወጡ።

ገና መስገድ ከመጀመራቸው ስልኩ ጮኸ።

ልጥራቸው ብል ሶላት ላይ ናቸው። ላቆየው ብል ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። እናቴን አየኋት። በአገጯ ወደ ስልኩ አመለከተችኝ። አነሣሁት።

አንዲት ጠይም፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት እየሳቀችም እያለቀሰችም ታየችኝ። በፍጥነት ብዙ ነገር ተናገረች። አንድም አልገባኝም። "ኦላ፣ ኦላ" ብዬ ሰላም ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። እሷም ገባት መሰለኝ፣ ንግግሯን ትታ ስልኩን አዞረችው።

መስኮት አጠገብ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። ነጭ ካኒቴራ ለብሷል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ተቀመጠ ዕቃ ተጋድሟል። ግንባሩ የእኔ ግንባር ነው። ጆሮው የልጄ ጆሮ ነው። ያኔት ከጎኑ ሆና የሆነ ነገር ነገረችው፤ በመሐሉ "ኢዮብ" ሲባል ሰማሁ። ሽማግሌው አየኝ። አየኝ። ከንፈሩን አላወሰ።

"ኡኖ" አለ። ቆየና፣ "ኡኖ፣ ዶ፣ ትሬ" አለ፤ እንደሚጠይቅ ሰው።

ያኔት በሐዘን ፈገግ አለች። "ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም" ማለቷ ነው።

ያጠናሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ተጠርጎ ሄዷል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀርታልኛለች።

"ቴንጎ… ኳሬንታ ኢ ሴይስ አኞስ፣ ፓፓ።"

ያኔት ጆሮው ላይ ጮክ ብላ ደገመችለት። ዓይኑን ጨፈነ። ደከመው፣ አልቀበል አለኝ፣ አልገባውም እያልኩ ሳስብ፣ አፉ ተከፈተ።

"ኡኖ።"

ቀስ ብሎ ነው። ቅድም እንዳለው አይደለም።

"ዶ… ትሬ… ኳትሮ…"

በየመሐሉ ይተነፍሳል። እኔም በሹክሹክታ ተከተልኩት። አሥር ላይ ሲደርስ ያኔት አበቃ ብላ ስልኩን ልታዞር እጇን ዘረጋች። ግራ እጁን አንሥቶ ከለከላት።

"ኦንሴ" አለ። "ዶሴ።"

ያኔት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት። ላብ በግንባሩ ወረደ። ሃያን ሲያልፍ አብሬው ጮክ ብዬ እቆጥር ነበር። ሃያ ዘጠኝ ላይ ደረስን። "ቤይንቲኑዌቤ።" ቀጥሎ ያለውን ሊል አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። "ቤይንቲ…" አለ። "ቤይንቲ…" በግራ እጁ ጭኑን መታ። ልረዳው ፈለግኩ፤ ለካ እኔም ጠፍቶብኛል! ትሬንታ ኳትሮ እያልኩ ስስቅበት የነበረው ሠላሳ፣ በዚያች ደቂቃ ከምድር ገጽ ጠፋ። አባቴ እያየኝ ነው። ዓይኑ ውሃ ሞላ።

"ትሬይንታ።"

ከጎኔ ነው የመጣው። ዞር አልኩ። እናቴ ተነሥታ ቆማለች።

"ትሬይንታ" አለች እንደገና፤ ጥርት አድርጋ፣ የመጨረሻዋን ፊደል ሳትጎትት፣ ልክ እንደ እሱ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ መጣችና ከስልኩ ፊት አጠገቤ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ቀጥ አለ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ወደ ስልኩ ተጠጋ፤ ተጠጋ፤ ምስሉን ግንባሩ ብቻ እስኪሞላው ድረስ።

"ትሬይንታ" አላት።

"ትሬይንታ ኢ ኡኖ" አለችው እናቴ።

ሦስታችንም አብረን ቀጠልን። የእኔ ድምፅ ይንቀጠቀጣል፤ የእሷ አይንቀጠቀጥም። ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሰባት ላይ ምስሉ ደረቀ፤ ከዚያ ጨለመ። መስመሩ ተቋረጠ።

"ደውል!" አለች እናቴ።

ደወልኩ፤ አልገባም። እንደገና፤ አልገባም። ጣቴ ላብ ስላለበት ስልኩ አልታዘዝልህ አለኝ። ያ የደከመ ልብ አሁን ቢቆምስ? እዚህ ላይ ብንቀርስ? ጋሽ ረመዳን ሶላታቸውን ጨርሰው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። ሦስተኛው ጥሪ ገባ።

ያኔት ስልኩን እንዳቆመችው ነው። አባቴ እዚያው ነው፤ ዝም ብሎ የጠፋውን ስክሪን ሲጠባበቅ ነበር። ፊታችንን ሲያይ ትንፋሹን ሰበሰበና፣

"ትሬይንታ ኢ ኦቾ" አለ።

ቦታውን አልለቀቀም ነበር። ከተለያየንባት ቁጥር ቀጥላ ያለችውን ይዞ ጠብቆናል።

ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ አርባ አንድ። አርባ አምስት ላይ ድምፁ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። እኔና እናቴ ዝም አልን፤ ሳንነጋገር፣ የመጨረሻዋን ለእሱ ተውንለት።

"ኳሬንታ ኢ ሴይ" አለ።

አፉን ዘጋ። አርባ ሰባት አላለም። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ግራ እጁን አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረገ።

አባቴ ዕድሜዬን አንድ በአንድ፣ ከተወለድኩበት ዓመት ጀምሮ፣ ቆጠረልኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም ማስተርጎም አላስፈለገውም።

ያኔት እየተንሰቀሰቀች ተናገረች። ጋሽ ረመዳን ቀርበው ሊመልሱልን ጀመሩና አቃታቸው፤ ዓይናቸውን በኮፍያቸው ጠርገው እንደገና ጀመሩ። "ከታመመ ወዲህ ከአሥር አልፎ አያውቅም ነው የምትለው… አልሐምዱሊላህ… ሰምቶሃል፣ ገብቶታል ነው የምትለው።"

እናቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። በአማርኛ ነው ያናገረችው።

"ኦርላንዶ፣ ደብዳቤህ አልደረሰኝም። ልጁ ይኸውልህ፤ ሰው ሆኗል። እኔም ደህና ነኝ። በል አሁን እረፍ።"

ጋሽ ረመዳን አላስተረጎሙም። ማንም አልጠየቃቸውም።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ በድሪ በርን ካለፍን በኋላ ነው የጠየቅኳት። "እማ፣ ከየት አመጣሽው?"

"አንሶላ ስንቆጥር ነዋ" አለች፤ ሁሌም የማውቀው ይመስል። "እሱ በአምቡላንስ ቁስለኛ ያመጣል። የቆሸሸውን አንሶላ ቆጥሮ ያስረክበኛል፤ ንጹሑን ቆጥሬ እሰጠዋለሁ። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ የሱን አላውቅ። እሱ በሱ ቋንቋ፣ እኔ በእኔ ስንቆጥር ስንቆጥር፣ አንድ ቀን እሱ 'አንድ፣ ሁለት' አለ፤ እኔ 'ኡኖ፣ ዶ' አልኩ። ያን ቀን ነው መጀመሪያ አብረን የሳቅነው።"

"እስከ ስንት ታውቂያለሽ?"

"እስከ መቶ፣ ከዚያም በላይ።" ትንሽ ተራመደችና፣ "ቁስለኛው ብዙ ነበራ" አለች።

ከሃያ ዓመት በላይ ተማሪዎቼን፣ "ቁጥር ስሜት የለውም፤ እውነት ብቻ ነው" ስላቸው ኖሬያለሁ። አሁን አልላቸውም። ከዚያች እሁድ በኋላ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስገባ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ "ኩባው መጣ" ሲል ሰማሁት። ዞር ብዬ፣ "አዎ፣ መጣሁ" አልኩት። ልጁ ደነገጠ። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ስም ስጠራ አቤት ማለቴ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከመካከላችሁ የምትፈልጉት ሰው ያላችሁ ትኖራላችሁ። ምናልባት ርቆ ነው፤ ምናልባት ተቀያይማችሁ ነው፤ ምናልባት እንደ እኔ አባት ቃል ጠፍቶበት ነው። "ምን ብዬ አናግረዋለሁ?" እያላችሁ ዓመታት አይለፉ። ሁሉን የሚያስረዳ ንግግር እስክታዘጋጁ አትጠብቁ። እኔ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የሄድኩት፤ እሷም ከአንዲት ቁጥር በላይ የያዘችው አልነበረም። ያለችውን ይዛችሁ ሂዱ። ቀሪውን ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሊያውቀው ይችላል፤ ወይም አጠገባችሁ የተቀመጠው።

አሁን በየእሁዱ እንደዋወላለን። ልጆቼ ስንት እንደሆኑ ስነግረው ሁለት ጣቱን ያነሣል። መብራት ሲጠፋ ይቀራል፤ በሚቀጥለው እሁድ እንካካሳለን። ያኔት እንደምትለው ሐኪሙ ገርሞት፣ ከቁጥሩ ተነሥተው ሌሎች ቃላት ሊያለማምዱት ጀምረዋል፤ አንድ ሁለት ቃል ወጥቶለታል። እኔም ትምህርቴን አላቆምኩም። በቅርቡ ጋሽ ረመዳን፣

"ቁጥር ይብቃህ፤ ግስ እንጀምር" አሉኝ።

"የትኛውን?"

"መሄድን። 'እሄዳለሁ' ሲሉ 'ቦይ' ይላሉ።"

"ቦይ? ውሃ የሚወርድበት?"

"ወላሂ፣ ያው ቦይ! ውሃም እኮ የሚሄደው በእሱ ነው።"

የፓስፖርት ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ መቼ እንደሚሳካልኝ አላውቅም። ያም ሆኖ ያለፈው እሁድ አባቴ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ አላስቻለኝም፤ ቁጥራችንን ሳንጀምር፣

"ቦይ፣ ፓፓ" አልኩት።

ግራ እጁን ዘረጋ፤ መዳፉን ወደ ደረቱ እየመለሰ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ። ከደጅ ሲጫወት የቆየ ልጅን ወደ ቤት እንደሚጠሩት።